ቤት የተሠራ ዳክ፦ አይሲውን ሳትቀይሩ ድምፁን ማሻሻል

ቤት ውስጥ የተገጣጠመ ዳክ (ዲጂታል ሲግናልን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይር መሣሪያ) ድምፁ አልጥም ሲል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው አይሲው፣ ማለትም የመቀየሩን ሥራ የሚሠራው ትንሽ ቺፕ፣ ላይ ነው። «አሮጌ ስለሆነ ነው፣ ሌላ ላስመጣ» ይባላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይፈለጋል፣ ብር ይላካል፣ ይጠበቃል። አዲሱ አይሲ ይገጠማል። ድምፁ ግን ያው ነው።

የኔ አቋም ቀላል ነው። መጀመሪያ ፓወሩ፣ ቀጥሎ ግራውንዱ (የጋራ ኔጌቲቭ መስመሩ)፣ ከዚያ መግቢያውና መውጫው። አይሲ መቀየር የመጨረሻው ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ውሃው የደፈረሰ ከሆነ የጅማ ቡናም አያድነውም።

ለምሳሌ የምወስደው የተለመደውን አሠራር ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻ በገመድ የሚመጣውን ዲጂታል ሲግናል ሲኤስ8412 የሚባለው አይሲ ይቀበላል። እሱ ደግሞ ለፊሊፕሱ ቲዲኤ1543 ያቀብላል። ቲዲኤ1543 ባለ 16 ቢት፣ ስምንት እግር ያለው ትንሽ አይሲ ነው። በድሮ ሲዲ ማጫወቻዎች ውስጥ ይገኛል። መርካቶ ጥገና ቤት ጎራ ብላችሁ «ጋሼ፣ የማይሠራ ሲዲ ማጫወቻ አለ?» ማለት አይከፋም፤ አይሲው ባይገኝ እንኳ ትራንስፎርመሩ፣ ጃኩና ቆርቆሮ ሳጥኑ ይጠቅማችኋል። ፓወሩ ባለ 9 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮድ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም አንድ ትልቅ ካፓሲተርና አንድ 7805 (ቮልቴጁን 5 ላይ የሚያረጋ ሬጉሌተር) ነው። የናንተ ዳክ በሌላ አይሲ የተሠራ ከሆነ ቁጥሮቹ ይለያያሉ እንጂ አካሄዱ አይለወጥም።

ከመንካታችሁ በፊት

ስፒናውን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም። የሚቆርጠው ኒውትራሉን ከሆነ 220 ቮልቱ እስከ ትራንስፎርመሩ ድረስ እንዳለ ነው። ሳይሸፈን የተተወ የ220 ጫፍ ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ሸፍኑ። ከትራንስፎርመሩ በፊት ፊውዝ ከሌለ ጨምሩ። ለእንዲህ ዓይነቱ ትንሽ ትራንስፎርመር 100 ሚሊአምፔር፣ ዘግይቶ የሚቆረጠው ዓይነት፣ ይበቃል።

ቦርዱን ከላይም ከታችም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

አሁን መልሳችሁ ሰኩትና ለኩ። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። በቀዩ መጀመሪያ ከዳዮዶቹ በኋላ ያለውን፣ ቀጥሎ የ7805ን መውጫ፣ በመጨረሻም የግራና የቀኝ መውጫ ጃኮችን ንኩ። ጃኮቹ ላይ የሚታየው ዲሲ (እንደ ባትሪ አቅጣጫው የማይለዋወጥ ቮልቴጅ) ዜሮ ወይም ጥቂት ሚሊቮልት መሆን አለበት። እዚያ ቮልት ካያችሁ የመውጫው ካፓሲተር አፍስሷል ማለት ነው። ሳትቀይሩት አምፕሊፋየር ላይ አትሰኩት፤ ስፒከራችሁን ሊበላው ይችላል።

ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ጻፉ። አንዴ ቀን፣ አንዴ ማታ ለኩ። ማታ የሚለካው ለምን እንደሆነ አሁኑኑ ይገባችኋል።

ማታ ማታ የሚያጉረመርም ዳክ

ቀን ጥርት አድርጎ የሚጫወት፣ ምሽት ላይ «እምምም» የሚል ዳክ ብዙ ነው። ሰው ኬብሉን ይነቃቅላል፣ አምፕሊፋየሩን ይሰድባል። ጥፋቱ ግን አንድ ትንሽ ካፓሲተር ላይ ነው።

ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል። አምፖሉ ሲፈዝ ታዩታላችሁ። መስመሩ ከ220 ወደ 170 ቮልት ወረደ እንበል። 9 ቮልት ይሰጥ የነበረው ትራንስፎርመር አሁን የሚሰጠው 7 ገደማ ነው። ይህ በ1.41 ሲባዛ የማዕበሉ ጫፍ 9.8 ይሆናል። ከአራቱ ዳዮዶች በየተራ ሁለት ሁለቱ ስለሚሠሩ 1.8 ቮልት ገደማ እነሱ ይበላሉ። ቀረ 8 ቮልት።

ከዚህም ላይ ገና የሚቀነስ አለ። ካፓሲተሩ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሞላል። በሁለቱ ሙሌት መካከል ዳኩ እየሳበ ያጎድለዋል። ዳኩ 100 ሚሊአምፔር ይስባል ብንል፣ ካፓሲተሩ 470 ማይክሮፋራድ ከሆነ ቮልቴጁ በየዙሩ እስከ 2.1 ቮልት ድረስ ይወርዳል። 8 ሲቀነስ 2.1፣ 5.9 ነው። 7805 ደግሞ ንጹህ 5 ቮልት ለመስጠት ቢያንስ 7 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይንሸራተታል። ያ ጉርምርምታ የዚህ ድምፅ ነው። ቀን ግን ጫፉ ወደ 11 ቮልት ስለሚጠጋ፣ 2.1 ቢቀነስም ከ7 በላይ ነው። ችግሩ የማይታየው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ካፓሲተሩን ወደ 2200 ወይም 3300 ማይክሮፋራድ ማሳደግ ነው። በ2200 መውረዱ ከ2.1 ወደ 0.45 ቮልት ገደማ ይቀንሳል። 8 ሲቀነስ 0.45 ከ7 በላይ ነው፣ ዳኩም ያርፋል። የቮልት መጠኑ 25 የሆነውን ግዙ። 16 የተጻፈበት ይበቃል የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ነገር ግን ትንሽ ትራንስፎርመር ብዙ ካልተሳበበት ከተጻፈበት በላይ ይሰጣል። ሌሊት ኃይሉ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ይብስበታል። ካፓሲተሩን ስትበይዱ ሰረዙ ያለበት ጎን ኔጌቲቭ ነው። ከተገለበጠ ይፈነዳል።

ሰፈራችሁ ከ170ም በታች የሚወርድ ከሆነ ካፓሲተር ብቻውን አያድናችሁም። ትራንስፎርመሩን ባለ 12 ቮልት አድርጉት። ያኔ ግን ቀን ላይ ትርፉን ቮልቴጅ ወደ ሙቀት የሚቀይረው ሬጉሌተሩ ነው። 1 ዋት ገደማ ይሆናል። ትንሽ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ እሰሩበት።

«እንግዲያውስ 10,000 ማይክሮፋራድ ልክተትበት» የሚል ይኖራል። አታድርጉት። ካፓሲተሩ በጣም ሲተልቅ የሚሞላው በአጭር ጊዜ፣ በኃይለኛ ምት ነው። ያ ምት በግራውንዱ ገመድ አልፎ ሌላ ጩኸት ይፈጥራል።

ሁለተኛ ሬጉሌተር

አሁን ሁለቱም አይሲዎች የሚጠጡት ከአንድ 7805 ነው። ሲኤስ8412 ሥራው ፈጣን ማብራት ማጥፋት ስለሆነ መስመሩን ይበጠብጠዋል። ቲዲኤ1543 ያን ብጥብጥ ተቀብሎ ወደ ድምፅ ያስገባዋል። ስለዚህ ለያዩአቸው። 7805ን ለሲኤስ8412 ተዉለት። ለቲዲኤ1543 የራሱ ሬጉሌተር፣ ኤልኤም317፣ ይኑረው።

ኤልኤም317 ቮልቴጁ የሚወሰነው በሁለት ሬዚስተር ነው። ከመውጫው ወደ ማስተካከያ እግሩ 240 ኦም፣ ከማስተካከያ እግሩ ወደ ግራውንድ 720 ኦም አድርጉ። 5 ቮልት ይወጣል። 720 ኦም ካጣችሁ 680ን እና 39ን በተከታታይ ግጠሙ። ከማስተካከያ እግሩ ወደ ግራውንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ። ይህች ትንሽ ካፓሲተር ብዙ ሰው የሚዘላት ናት። በአምራቹ ሠንጠረዥ መሠረት የመስመር ጉርምርምታን የማፈን አቅሙን ከ65 ወደ 80 ዴሲቤል ታሳድገዋለች። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ ለውጥ አላውቅም።

እዚህ ጋ በደንብ ተመልከቱ። 7805 እና ኤልኤም317 መልካቸው መንታ ነው። የእግራቸው አቀማመጥ ግን አይገናኝም። ጽሑፉን ወደናንተ አዙራችሁ ከግራ ስትቆጥሩ 7805 መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው። ኤልኤም317 ማስተካከያ፣ መውጫ፣ መግቢያ ነው። የጀርባ ብረታቸውም ይለያያል። የ7805 ጀርባ ከግራውንድ ጋር የተያያዘ ነው። የኤልኤም317 ጀርባ መውጫው ነው። ሁለቱን ባንድ ማቀዝቀዣ ላይ ያለ ማይካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ንጣፍ) ብታስሩ 5 ቮልቱን ከግራውንድ ጋር አጋጫችሁት ማለት ነው።

ኤልኤም317ን ከአይሲው ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት ለብቻው አብሩትና ለኩ። ከ4.9 እስከ 5.1 ከሆነ ጥሩ። ገበያ ላይ ተመሳስሎ የተሠራ ስለማይጠፋ ይህችን ልኬት አትዝለሉ።

በነካ እጃችሁ ሲኤስ8412ንም እዩት። ሁለት የፓወር እግር አለው። 7ኛው ለዲጂታሉ፣ 22ኛው ለአናሎጉ ነው። የሰዓት ምቱን የሚያስተካክለው ክፍል የሚበላው ከ22ኛው ነው። እዚያ የሚገባ ረብሻ የምቱን ልክ ያዛንፋል። ወደ 22ኛው የሚሄደውን መስመር ቆርጣችሁ በ4.7 ኦም ሬዚስተር አሳልፉት። ከሬዚስተሩ በኋላ፣ እግሩ ሥር፣ 100 ማይክሮፋራድና 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ ግጠሙ።

እግር ሥር የሚበየዱ ካፓሲተሮች

100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር የሳንቲም ዕቃ ነው። ቦታው ግን ወርቅ ነው። በቲዲኤ1543 ላይ 5ኛው እግር ፖዘቲቭ፣ 4ኛው ግራውንድ ነው። ካፓሲተሩን ሦስት ሴንቲሜትር ርቆ ካለ ቦታ አንሱና ቦርዱን ገልብጣችሁ በቀጥታ በእነዚህ ሁለት እግሮች መካከል በይዱት። እግሮቹን እስኪያጥሩ ቁረጧቸው። ረጅም እግር ለፈጣን ሲግናል እንደ ኮይል ነው፤ ካፓሲተሩን ጥቅም አልባ ያደርገዋል። ከጎኑ 47 ወይም 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮሊቲክ ጨምሩ። ካውያውን እግሩ ላይ ከሦስት ሴኮንድ በላይ አታቆዩ።

ግራውንድ

ብዙ ሰው ፖዘቲቩን ተጠንቅቆ ይሠራና ግራውንዱን «ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ካገኘው ጋር ያያይዘዋል። በሥዕል አንድ ነው። በገመድ አይደለም። የዳዮዶቹ የመሙላት ምት በሚያልፍበት ገመድ ላይ የመውጫውን ጃክ ግራውንድ ከቀጠላችሁት፣ ምቱ ሙዚቃው ላይ ይደመራል።

እንዲህ አድርጉ። ከዳዮዶቹ ኔጌቲቭ ወደ ትልቁ ካፓሲተር ኔጌቲቭ አጭርና ወፍራም ገመድ። በዚያ ገመድ ላይ ሌላ ምንም አይቀጠልም። ከካፓሲተሩ እግር ለሲኤስ8412 አንድ ገመድ፣ ለቲዲኤ1543 ሌላ ገመድ። የመውጫ ጃኮቹ ግራውንድ የሚመጣው ከቲዲኤ1543 4ኛ እግር አካባቢ ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጉርምርምታው ካልለቀቀ፣ ዲቪዲ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥንና ከዲሽ ሪሲቨር ንቀሉት። ጸጥ ካለ ዳኩ ንጹህ ነው። ጉርምርምታው በዲሹ ገመድ ዞሮ የሚመጣ ነው። መፍትሔው መግቢያው ላይ ትንሽ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው። በድሮ የኮምፒውተር ኔትወርክ ካርድ ላይ ያለችው ጥቁር ሳጥን መሳይ ትራንስፎርመር ለዚህ ትሆናለች። ጥንዶቹን እግሮች በቴስተር ለዩአቸው።

የዲሽ ገመዱን አትጣሉት

የዲጂታል መግቢያው መስመር 75 ኦም መሆን አለበት። ለድምፅ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ባለ ሁለት ቀለም ገመድ 75 ኦም የመሆን ግዴታ የለበትም። ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ የሚወርደው ገመድ ግን 75 ኦም ነው። አንድ ሜትር ትራፊ ካለ አርሲኤ ጃክ በሁለቱም ጫፍ በይዱበት። የተዋጣለት ዲጂታል ገመድ ነው።

ዳኩ ውስጥም መግቢያው ላይ 75 ኦም ሬዚስተር መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ሲግናሉ ከጫፉ ተመልሶ ራሱን ይረብሻል። 75 ለማግኘት ሁለት 150 ኦም ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን ግጠሙ።

የዲቪዲ ማጫወቻው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዲጂታል መውጫውን ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ) አድርጉት። ዶልቢ ላይ ከሆነ የምትሰሙት ፍሽሽታ ብቻ ነው።

መውጫው

እዚህ ሁለት ነገር ብቻ ንኩ።

አንደኛው ሙዚቃውን አሳልፎ ዲሲውን የሚያግደው ካፓሲተር ነው። ቤዙ የቀጠነ ከመሰላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። 0.47 ማይክሮፋራድ ሆኖ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 10 ኪሎ ኦም ከሆነ፣ ከ34 ኸርትዝ በታች ያለው ድምፅ እየደከመ ይሄዳል። በ2.2 ማይክሮፋራድ ወሰኑ ወደ 7 ኸርትዝ ይወርዳል። ከተገኘ የፊልም ካፓሲተር ይሻላል። ኤሌክትሮሊቲክ ከሆነ ፖዘቲቩ ወደ አይሲው ይዙር። ከካፓሲተሩ በኋላ 100 ኪሎ ኦም ወደ ግራውንድ አድርጉ፤ ስትሰኩ የሚሰማው «ጧ» ይቀንሳል።

ሁለተኛው የአይሲውን ከረንት ወደ ቮልቴጅ የሚቀይረው ሬዚስተር ነው። ድምፁ አነሰ ብላችሁ እሱን አታሳድጉ። በ5 ቮልት የሚሠራ ቲዲኤ1543 ብዙ ቦታ የለውም፤ ጎላ ጎላ ያሉት ድምፆች ይቆረጡና ይሰነጣጠቃሉ። 820 ኦም አካባቢ ከሆነ ተዉት። ከጎኑ 4.7 ናኖፋራድ የፊልም ካፓሲተር ብትጨምሩ ግን ከ41 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለውን ትራፊ ጩኸት ያለሰልሳል። የማንሰማው ቢሆንም አንዳንድ አምፕሊፋየር አይወደውም።

ጆሮ ሲያታልል

ለውጡን አንድ በአንድ አድርጉ። ሁሉንም ባንድ ምሽት ከበየዳችሁ የትኛው እንደጠቀመ አታውቁም።

ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ የተሻለ ድምፅ ነው ብሎ ይፈርዳል። ስለዚህ ስታወዳድሩ የድምፁን መጠን አስተካክሉ። 100 ኸርትዝ ቶን አጫውታችሁ የዳኩን መውጫ በቴስተር ኤሲ ላይ ለኩ። ርካሽ ቴስተር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ስለሚዋሽ ነው 100 ያልኩት። ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ከ2 በመቶ አይብለጥ።

ለመውጫው ካፓሲተር ለውጥ የተሻለ ዘዴ አለ። የግራውን ብቻ ቀይሩ። ከዚያ ሞኖ የሆነ ሙዚቃ አጫውቱና ግራና ቀኙን እያፈራረቃችሁ ስሙ። አንድ ሰው ገመዱን ይቀያይር፣ ሰሚው ጀርባውን ይስጥ። የትኛው እንደሆነ መለየት ካልቻላችሁ ልዩነት የለም። ውድ ካፓሲተር መግዛትም አያስፈልግም።

ለመስሚያ በገና ግሩም ነው። በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው ቆዳ የሚመጣው ዝዝታ ላይ ፓወሩ ያልጸዳ ዳክ ወዲያው ይታወቅበታል፤ ዝዝታው ወደ ፍሽሽታ ይቀየራል። ክራር ደግሞ አመታቱ ስለታም ስለሆነ የሚሰነጣጠቅ ነገር ካለ ያጋልጣል። ከቴሌግራም የወረደ፣ አሥር ጊዜ የተገለበጠ ኤምፒ3 ግን ምንም አይነግራችሁም። ኦሪጅናል ሲዲ ተዋሱ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል የሚማር ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጁን ማዕበል በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ያለበት ላብ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁት። የፓወር መስመሩን በዓይን ማየት የአንድ ሳምንት ክርክር ይዘጋል።

ሳጥኑ

ጅማ አናጢ ሞልቷል። ጥሩ የእንጨት ሳጥን ማሠራት ያምራል፣ እኔም እወዳለሁ። እንጨት ግን ረብሻ አይከለክልም። ስልክ አጠገቡ ስታስቀምጡ «ትትት» የሚል ከሆነ ቦርዱን በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አድርጋችሁ እሱን እንጨቱ ውስጥ ክተቱት። ቆርቆሮው ከሶኬቱ ኧርዝ ጋር መያያዝ አለበት።

ዝናቡ ረጅም በሆነበት እንደኛ ባለ ከተማ የብየዳ ቅሪት ጠላት ነው። በእግሮቹ መካከል የቀረው ቡናማ ማስቲሽ መሳይ ነገር እርጥበት ይስብና ትንሽ ትንሽ ያሳልፋል። ሥራው ሲያልቅ በንጹህ አልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፍቁት። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ፓወር አትስጡት።

ትራንስፎርመሩን ከመውጫ ጃኮቹ በተቃራኒው ጥግ አስቀምጡት። በብሎን ከማሰራችሁ በፊት አቅጣጫውን ሞክሩ። ስፒናውን ነቅላችሁ 90 ዲግሪ አዙሩት፣ መልሳችሁ ሰኩና ያለ ሙዚቃ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ። ጉርምርምታው ባነሰበት አቅጣጫ እሰሩት።